ስለ ሁለተኛው ምልክት፦ የኢሚውኖሎጂ ላብራቶሪ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ቲ ሴል የተባለው የመከላከያ ነጭ የደም ሴል አንቲጅኑን (የሚለየውን ሞለኪውል) ስላገኘ ብቻ ይነቃል ብላችሁ አታስቡ። አንቲጅኑን በተቀባዩ መለየቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ሁለተኛው፣ አጋዥ የምንለው፣ አንቲጅኑን ለቲ ሴሉ በሚያሳየው ዴንድሪቲክ ሴል ገጽ ላይ ያሉት ሲዲ80 እና ሲዲ86 የተባሉ ፕሮቲኖች ከቲ ሴሉ ተቀባይ ከሲዲ28 ጋር ሲያያዙ ይመጣል። ዴንድሪቲክ ሴሉ እነዚህን በብዛት የሚያወጣው ጀርም መግባቱን ሲያውቅ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብቻውን ከመጣ ቲ ሴሉ ይደነዝዛል፤ በኋላ ሁለቱም ቢመጡለት እንኳ ለመባዛት የሚረዳውን ኢንተርሉኪን-2 ለማመንጨት ይቸገራል። አነርጂ የምንለው ይህ ነው፤ የገዛ አካላችንን እንዳያጠቃ ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ምልክት የሚተካው አንቲቦዲ፣ ፀረ-ሲዲ3፣ ብቻውን የገባበት ዌል (የፕሌት ጉድጓድ) የሌለው ሙከራ ስለ ሁለተኛው ምልክት ምንም አይናገርም። ፀረ-ሲዲ3ን በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 5 ማይክሮግራም አድርጋችሁ ፕሌቱ ላይ በ4 ዲግሪ አሳድሩት። ጠዋት ያልተጣበቀውን እጠቡ፤ ከዚያ ሴሎቹን፣ ሁለተኛውን ምልክት ከሚተካው ፀረ-ሲዲ28 ጋር፣ በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም አድርጋችሁ ጨምሩ። ፀረ-ሲዲ3 ብቻ ያገኙት ሴሎች በደንብ ከተባዙ ደስ አይበላችሁ፦ ወይ ሞኖሳይትና ቢ ሴል ከናሙናው ሳይወጡ ቀርተው ሁለተኛውን ምልክት እየሰጡ ነው፣ ወይ መጠኑ በዝቷል። ሁሉም ከሞቱ የአንቲቦዲውን ጠርሙስ አንብቡ፤ ለማቆያ የሚጨመረው ሶዲየም አዛይድ ሴል ይገድላል።

ፍሬኑንም እወቁ። ሲቲኤልኤ-4 የተባለው የቲ ሴሉ ሌላ ተቀባይ እነዚያኑ ሲዲ80 እና ሲዲ86 ከሲዲ28 ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ሲቲኤልኤ-4 የሌላቸው አይጦች በ3 ወይም በ4 ሳምንት ዕድሜያቸው፣ ቲ ሴሎቻቸው አካላቸውን ወርረው ይሞታሉ። አብዛኛው ሲቲኤልኤ-4 በሴሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሽፋኑን ሳትበሱ ብታቀልሙ የለም ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. ለሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) የተፈቀደው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ ይህን ፍሬን ይለቃል፤ አንጀትን የሚያቆስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጋቢት ወር 2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የሆነውን ሁልጊዜ አስታውሱ። ቲጂኤን1412 የተባለው ፀረ-ሲዲ28 የመጀመሪያውን ምልክት ሳይጠብቅ ቲ ሴልን ይቀሰቅሳል። በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ብቻ የተሰጣቸው 6 ጤነኛ ፈቃደኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ በሳይቶካይን ማዕበል (የሴል መልእክተኛ ፕሮቲኖች በድንገት በብዛት መፍሰስ) ተመቱ፤ ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፣ በሕይወትም ተረፉ። ማካክ ጦጣዎች ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ወስደው ምንም አልሆኑም፤ ሳይቶካይን የሚያፈስሱት የማስታወሻ ቲ ሴሎቻቸው ሲዲ28 የላቸውም። በሰው ደም ሴሎች ላይ በፈሳሽ መልክ ሲጨመርም ዝም ብሎ ነበር። በኋላ ፕሌት ላይ ሲጣበቅ ነው ሳይቶካይኑ የፈሰሰው። አዲስ አንቲቦዲ ስትፈትኑ በፈሳሽም ተጣብቆም ፈትኑት፣ በሰው ሴል ላይ።