ሁለቱንም እኩል ቀቅዬ አንዱ ለምን ተበላሸ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ምግብን ማቆየት

ጥያቄ፦ ቲማቲምና ፎሶሊያ በብዛት ስላገኘሁ አፋቸው ሰፊ በሆነ ጠርሙሶች ሞልቼ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ፣ በአንድ ትልቅ ድስት ውስጥ ለ45 ደቂቃ ቀቀልኳቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለከት ቲማቲሙ ደኅና ይመስላል፤ የፎሶሊያው ክዳኖች ግን ወደ ላይ አብጠዋል። አንዱን ከፍቼ ባሸተው ይህ ነው የሚባል መጥፎ ጠረን የለውም። እንደገና አፍልቼ ብንመገበው ችግር አለው? ሁለቱንም እኩል ቀቅዬ ሳለ ልዩነቱስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት አንድ አደራ አለኝ፤ ያንን ፎሶሊያ አይብሉት፣ ለመሞከር ያህል እንኳ አይቅመሱት፣ ለእንስሳም አይስጡት። በፕላስቲክ ከረጢት በደንብ አስረው ይጣሉት፤ ፈሳሹ የነካውንም ቦታ በበረኪና ያጽዱ። ክዳኑን የገፋው በውስጡ የተባዙ ተሕዋስያን ያመነጩት ጋዝ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ቦቱሊዝም የተባለውን፣ የመተንፈሻ ጡንቻን ሳይቀር የሚያሽመደምደውን መመረዝ የሚያስከትለው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ሊገኝ ይችላል። የዚህ ባክቴሪያ መርዝ የምግቡን ሽታም ሆነ መልክ ሳይለውጥ ሊኖር ስለሚችል፣ አፍንጫችን በዚህ ጉዳይ የሚታመን ምስክር አይደለም። መርዙ በደንብ ሲፈላ የሚበላሽ ቢሆንም ለአንድ ጠርሙስ አትክልት ብሎ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

ልዩነቱ የመጣው ከእሳቱ ሳይሆን ከምግቦቹ ጠባይ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሁኔታዎች ሲከፉበት ስፖር ወደሚባል፣ ጠንካራ ልባስ ወዳለው ዘር መሰል አካል ይለወጣል፤ ስፖሩም በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ ሊተርፍ ይችላል። መቀቀል ሌሎቹን ተሕዋስያን ገድሎ አየሩንም ስለሚያስወጣ፣ አየር ለማይወደው ለዚህ ስፖር ያለተቀናቃኝ የሚያድግበትን ቤት እናዘጋጅለታለን ማለት ነው። እንዳያድግ የሚከለክለው አሲድ ነው፤ የምግቡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) 4.6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስፖሩ ቢኖርም አይበቅልም። ፎሶሊያ፣ በቆሎ፣ ሥጋና ዓሣ ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው። ቲማቲም ደግሞ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ወሰኑን ሊያልፍም ላያልፍም ስለሚችል፣ ለአንድ ሊትር ያህል ቲማቲም 2 የሾርባ ማንኪያ በፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ እንዲጨመርበት ይመከራል። የታሸገው የሚመረጠው የአሲዱ መጠን ስለማይዋዥቅ ነው። እርስዎ አሲድ መጨመርዎን ስላልጠቀሱ፣ ካልጨመሩበት ቲማቲሙንም ባይመገቡት እመርጣለሁ።

ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል የማቆየትን ዘዴ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር በ1810 እ.ኤ.አ. ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ሲሸለም፣ ዘዴው ለምን እንደሚሠራ እርሱም ሆነ ሸላሚዎቹ አያውቁም ነበር። የተሕዋስያን ሚና በሉዊ ፓስተር ጥናት ግልጽ የሆነው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህን የማነሣው የእርስዎ ስሕተት ከቸልተኝነት የመጣ እንዳልሆነ እንዲያውቁት ነው፤ ዘዴውን በሚገባ ይዘው ምክንያቱን አለማግኘት በፈጣሪው በአፔርም ላይ የደረሰ ነው።

አሲድ ያነሰባቸው ምግቦች በጠርሙስ እንዲቆዩ ከተፈለገ ሙቀቱ 116 እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ይህም ለዚሁ ሥራ ተብሎ በተሠራ የግፊት ማብሰያ፣ ለየምግቡ በተፈተነ ሰዓት ብቻ የሚገኝ ነው፤ ትንሿ የወጥ ቤት ፕሬዠር ኩከር አትተካውም። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ደግሞ በየ300 ሜትሩ የውሃው መፍያ ወደ 1 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ አስቦ ግፊቱን ወይም ሰዓቱን መጨመር ይገባዋል። መሣሪያው ከሌለዎት ፎሶሊያውን ለ3 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ አስነክተው ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ካበረዱት በኋላ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ይህ አጭር ቅቅል ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ያስቆማል። ኮምጣጤም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የአሲድ መጠኑ 5 በመቶ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ ያረጋግጡ፣ ከታመነ የአሠራር መመሪያ ውጭም በውሃ አያቅጥኑት።

ጥያቄ፦ ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠ ሥጋ ተመልሶ መቀዝቀዝ የለበትም ሲባል እሰማለሁ። ብርዱ ጀርሞቹን የሚገድል ከሆነ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ብርድ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች አይገድልም፤ ሥራቸውን ያስቆማቸዋል እንጂ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተኝተው የቆዩት ሥጋው ሲቀልጥ ይነቃሉ፣ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥም በፍጥነት ይባዛሉ። ስለዚህ የሚወስነው ሥጋው የቀለጠበት ቦታ ነው። በፍሪጅ ውስጥ፣ ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ የቀለጠ ጥሬ ሥጋ ተመልሶ ቢቀዘቅዝ ለጤና አይጎዳም። የመጀመሪያው በረዶ የሥጋውን ሕዋሳት ስለቀደደ ግን ውሃውን ያንጠባጥባል፣ ሲበስልም ይደርቃል። ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን ግን አይመልሱት፤ መጣል ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ለወራት ሳይበላሽ ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየው በካርቶን የታሸገ ወተት መድኃኒት ተጨምሮበት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ወተቱ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 135 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ፣ ከጀርም በጸዳ ማሸጊያ ውስጥ ነው የሚገባው። በፍሪጅ የምናስቀምጠው ፓስቸራይዝድ ወተት ግን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ብቻ ስለሚሞቅ፣ በሽታ አምጪዎቹ ቢሞቱም ወተቱን የሚያኮመጥጡት ጥቂቶቹ ይቀራሉ። ካርቶኑ አንዴ ከተከፈተ በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም፤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው በጥቂት ቀናት ይጨርሱት።