ለፎቶ ኮፒ ቤቴ አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ ነፃው ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤት አለችኝ፣ 2 ኮምፒውተር ነው ያለኝ። ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ቫይረስ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጅ ፍላሿን ሰክተን ስንከፍት ፋይሏ የለም፣ "አንቺ ነሽ ያጠፋሽብኝ" ብላ እያለቀሰች ሰፈሩን ሰበሰበችብኝ። ኮምፒውተር የሚሠራልኝ ልጅ ደግሞ ነፃው አንቲቫይረስ ዋጋ የለውም፣ ኦሪጅናሉን ለአንድ ኮምፒውተር በዓመት 1,800 ብር ልጫንልሽ ይለኛል። ልክፈል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን ያዢው፣ አትክፈይ። ከዛ በፊት ግን ኮምፒውተሮችሽ ላይ የምታዪው ነገር አለ።

ያንቺ ችግር ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ነው፣ ፍላሹን ስትከፍቺው ፎልደሮቹ የሉም፣ በቦታቸው የፍላሹን ስም የያዘች አንዲት ምልክት ቁጭ ብላለች፣ ሳይዟን ብታዪ 1 ወይ 2 ኬቢ ናት። እሷን ክሊክ ስታደርጊ ፎልደሩ ይከፈትልሻል ግን አብሮ ቫይረሱም ኮምፒውተርሽ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በኋላ ለሚሰካው ፍላሽ ሁሉ አንቺ ታድያለሽ ማለት ነው። ይሄን ዓይነቱ ቫይረስ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የሚባለው አንቲቫይረስ በደንብ ያውቀዋል፣ ነፃ ነው፣ ላይሰንስ የለው፣ ኤክስፓየር አያደርግ። ጀርመን ያለው ኤቪ ቴስት የሚባለው ቤተ ሙከራ አንቲቫይረሶችን በየጊዜው ይፈትናል፣ ዲፌንደር እዛ ከሚከፈልባቸው እኩል ነጥብ ሲያመጣ ዓመታት ሆነው። የሚከፈልበት የሚጨምርልሽ ቪፒኤን፣ የፓስወርድ ማስቀመጫ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ ምናምን ነው። ሃምሳ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ሁሉንም ካንድ ቦታ ለመቆጣጠር ቢገዛ ይገባኛል፣ አንቺ ግን ምን ታደርጊዋለሽ?

"ታዲያ ዲፌንደር ካለ ቫይረሱ ለምን ገባ" ትዪኝ ይሆናል። እኔም አንድ ጓደኛዬ ቤት እንደዚሁ ገርሞኝ ዲፌንደር ያለበትን ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍቼ ኤክስክሉዥን የሚለው ውስጥ ብገባ ሲ ድራይቭ በሙሉ "አትፈትሸው" ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። ለካ ዊንዶውሱን በክራክ፣ ማለት ሳይከፈልበት በሚያሠራ ሕገወጥ ፕሮግራም፣ አክቲቬት ያደረገው ሰው ክራኩ እንዳይያዝበት ዘበኛውን አስተኝቶ ነው የሄደው። ከዛ ተመልሶ ቫይረስ አስቸገረህ ብሎ አንቲቫይረስ ይሸጥልሃል! ያንቺን ልጅ እንዲህ አድርጓል አላልኩም፣ ግን ዛሬውኑ ገብተሽ እዪው፣ የማታውቂው ነገር ካለ አጥፊው። "ኦሪጅናል" የሚልሽንም ላይሰንሱ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ጠይቂው፣ ካንገራገረ እሱም ክራክ ሳይሆን አይቀርም፣ በክራክ የተጫነ አንቲቫይረስ ደግሞ ከሌለው ይብሳል ምክንያቱም ስንጭነው ዲፌንደር ቦታውን ለቆለት ይተኛል።

ሌላ ነፃ አንቲቫይረስ ከኢንተርኔት አውርጄ ልጨምር እንዳትዪ። አቫስትን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አጠቃቀም ዳታ ሸጧል ተብሎ የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2024 ላይ 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ነፃ ሲሉሽ በምን እንደሚኖሩ ጠይቂ።

አፕዴት ላይ ግን ቀልድ የለም። ዋናክራይ የሚባለው በግንቦት 2017 በፈረንጆቹ ዓለምን ያተራመሰው ቫይረስ መድኃኒቱ አፕዴት ከ2 ወር ቀደም ብሎ መጋቢት ላይ ወጥቶ ነበር፣ የተያዙት ያልጫኑት ናቸው። እኛ ጋ ኔት ሲጠፋ ምን ይደረጋል ካልሽ፣ የዲፌንደርን የቫይረስ መረጃ ከማይክሮሶፍት ገጽ እንደ አንድ ፋይል ማውረድ ይቻላል፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደሽ በንጹህ ፍላሽ አምጥተሽ ደብል ክሊክ ነው፣ በቃ። ኮምፒውተሮችሽ ዊንዶውስ 7 ከሆኑ ግን ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ ከጥር 2020 ጀምሮ ስለተዋቸው ምንም አንቲቫይረስ ብትገዢ ቀዳዳውን አይደፍንልሽም። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 በኛ አቆጣጠር ድጋፉ አብቅቷል፣ ለዲፌንደሩ የሚመጣው መረጃ ገና ባይቋረጥም እሱ ብቻ ቀዳዳውን ስለማይደፍን ወደ 11 ለመቀየር አስቢ።

ሥራ ላይ ደግሞ አንዱን ኮምፒውተር ለፍላሽ ብቻ መድቢው፣ የራስሽን ሒሳብና የደንበኛ ፋይል በፍጹም እዛ ላይ አታስቀምጪ። ፍላሽ ሲሰካ አትክፈቺው፣ ራይት ክሊክ አድርገሽ ስካን በዪው፣ ተማሪው ቸኩያለሁ ቢልም ይጠብቅ። ለ2ቱ ኮምፒውተር ልትከፍዪው የነበረውን 3,600 ብር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መግዣ ላይ ጨምሪውና ማታ ማታ ፋይልሽን ገልብጠሽ ንቀዪው። ተሰክቶ የሚያድር ባክአፕ ባክአፕ አይደለም፣ ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ ሲመጣ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

ያቺን ልጅ ደግሞ ፈልጊያት። እንደዚህ ዓይነቱ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይል አያጠፋም፣ ይደብቃል። ፍላሹን ስካን ካደረግሽ በኋላ ቪው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ፣ ካልታየሽ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብተሽ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺው። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ታያለሽ፣ ባዶ ቦታ ላይ ምልክቱ ብቻ ያለ፣ ክፈቺው፣ ጽሑፏ እዛ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብቻ እስከዛ ሰው መክሯት ፍላሹን ፎርማት እንዳታደርገው ቶሎ ንገሪያት።