በሩን ለሕዝብ ከከፈታችሁ በኋላ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የነጋዴ ውል ሳረቅቅ የኖርኩ የሕግ ሰው ነኝ። ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ሱቁ የእኔ ከሆነ፣ ያልፈለግኩትን ሰው አላስተናግድም ብል መብቴ አይደለም?»

በእናንተ ዕድሜ «መብትህ ነው» ባይ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በአሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች ዉልዎርዝ መደብር ገብተው የጥርስ ሳሙናና አንዳንድ ዕቃ ገዙ። ገንዘባቸውን ተቀብለው ደረሰኝ ሰጧቸው። እዚያው መደብር ውስጥ የምግብ ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው ቡና ሲያዙ ግን ተከለከሉ። ገንዘባቸው አልተጠላም፤ የተጠላው ከነጩ ጎን መቀመጣቸው ነው። ይህን «የንብረት መብት» ብዬ ልጠራው ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ።

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር እንዳይመልሱ ከለከለ። አትላንታ ውስጥ ባለ 216 ክፍል ሞቴል የነበረው ሰው ከሰሰ። ጥቁሮችን አስተናግድ ብሎ ማስገደድ፣ ባርነትን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ይጥሳል አለ! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች አልተቀበሉትም።

«አድሏዊውን ነጋዴ ገበያው ይቀጣዋል» የሚሏችሁ አሉ። እዚያ ግን ገበያው የሚቀጣው ያስተናገደውን ነበር፤ በሩን ብቻውን የከፈተ ነጮቹ ደንበኞቹ ይሸሹታል። ሕጉ ሁሉንም በአንድ ቀን ሲያስገድድ፣ ማስተናገድ እየፈለገ ይፈራ የነበረው ነጋዴም ተገላገለ። ይህን ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ከባድ ጉዳይ የለም አልልም። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት የድረ ገጽ ንድፍ ሠሪ የማታምንበትን መልእክት በሥራዋ እንድትገልጽ አትገደድም ብሏል፤ ሦስት ዳኞች ተቃውመዋል። እኔ የምመክራችሁ ግን ይህ ነው፦ ለማንም የማትጽፉትን ጽሑፍ አንጽፍም በሉ። ሰክሮ የሚረብሸውንም አስወጡ። ለአንዱ የምትሸጡትን ዕቃ ግን ለሌላው በማንነቱ ምክንያት አትከልክሉ።

የግሪንስቦሮው ባንኮኒ ከወራት ተቃውሞ በኋላ ጁላይ 25 ቀን 1960 ተከፈተ። መጀመሪያ የተስተናገዱት ጥቁሮች የመደብሩ የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ሌላውን ሲያስተናግዱ በኖሩበት ቦታ፣ ያን ቀን እነሱ ተቀምጠው በሉ።