ኤሲው «ፋን» ላይ ሲሆን ለምን አያቀዘቅዝም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ አለን። ሰሞኑን ነፋስ እየሰጠ ቅዝቃዜ አልሰጥ ስላለን የጠራነው ሠራተኛ «ጋዙ አልቋል፣ መሞላት አለበት» አለን። ልጄ ደግሞ ሪሞቱ ላይ የማራገቢያ ምልክት እንዳለና የሙቀቱ ቁጥር እንደጠፋ አሳየችኝ። ለመሆኑ ይህ «ፋን» የሚባለው ምንድን ነው? ጋዙንስ ላስሞላ?

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ልጅዎ ያየችውን ቢከተሉ ይሻላል፤ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ኤሲው የታዘዘውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። አየሩ የሚቀዘቅዘው በነፋሱ ኃይል ሳይሆን፣ ከቤት ውጭ በተተከለው የኤሲው ክፍል ውስጥ የሚገኘው ኮምፕረሰር ጋዙን እየጨመቀ ሲያዘዋውረው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባለው የኤሲው ክፍል ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ስለሚቀዘቅዙ ነው። «ፋን» ሲመረጥ ኮምፕረሰሩ ጨርሶ አይነሣም፤ የሚዞረው የውስጡ ማራገቢያ ብቻ ስለሆነ፣ የሳሎኑ አየር በማጣሪያው አልፎ እንደሞቀ ይመለሳል። ቁጥሩ የጠፋውም የሚቆጣጠረው ሙቀት ስለሌለ ነው። ብዙዎችን የሚያደናግረው፣ ሪሞቱ ላይ «ፋን» የተጻፈበት ሌላ ቁልፍ መኖሩ ነው፤ እሱ የነፋሱን ፍጥነት ይለውጣል እንጂ አሠራሩን የሚለውጠው «ሞድ» የሚለው ቁልፍ ነው።

እናም «ሞድ»ን እየተጫኑ የበረዶው ምልክት ላይ ያድርሱት፣ ሙቀቱን ወደ 18 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉና ይታገሡ፤ ኮምፕረሰሩ ራሱን ለመጠበቅ 3 ደቂቃ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ ወጥተው እጅዎን በውጭው ክፍል ማራገቢያ ፊት ለፊት ይያዙ። ሞቅ ያለ ነፋስ ከመታዎትና ሳሎኑም ከቀዘቀዘ ጉዳዩ አለቀ። ካልሆነ ባለሙያ ያስፈልግዎታል፤ ነገር ግን የኤሲ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር፣ ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልግ «ልሙላ» ለሚል ሰው ባይከፍሉ ይመረጣል።

«ፋን» ግን ከንቱ አይደለም። እንደ እርስዎ ያለ ኤሲ ሲያቀዘቅዝ 1,000 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ማራገቢያው ብቻውን ሲዞር ግን የሚፈልገው ጥቂት አሥር ዋቶች ነው። ነፋሱ ላብን ስለሚያደርቅ፣ አየሩ ሳይቀዘቅዝ ሰውነታችን ቅዝቃዜ ይሰማዋል። በግንቦትና በሰኔ ቀትር፣ የክፍሉ ሙቀት 35 ዲግሪን ሲያልፍ ግን እፎይታው እጅግ ይቀንሳል። በተለመደው የግድግዳ ኤሲ ከውጭ ንጹሕ አየር ይገባል ብለውም አይጠብቁ፤ ለዚያ አመሻሽ ላይ መስኮት መክፈት ይበልጣል።

ሌላው ጥቅሙ ማድረቅ ነው። ኤሲው ሲያቀዘቅዝ ቱቦዎቹ ላይ ውሃ ይቋጠራል፤ ርጥብ እንደሆኑ ከጠፋ ውሎ አድሮ የሻጋታ ሽታ ያመጣል። ከማጥፋትዎ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ «ፋን» ላይ ይተዉት። ያ ርጥበት ተመልሶ ወደ ክፍሉ ስለሚገባ፣ ይህን ማድረግ የሚሻለው ከሳሎን ሊወጡ ሲሉ ነው።