መልስ፦ የቺካጎ ወንዝ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ከሐይቁ የሚፈሰው?

አስጎብኚው የቺካጎ ከተማ ወንዝ ከሐይቁ ይፈሳል እንዳለዎት፣ አንድ አሮጌ ካርታ ግን ወደ ሐይቁ ሲገባ እንደሚያሳይ ገልጸው የትኛው ትክክል እንደሆነ ጠይቀዋል። አስጎብኚው የነገረዎት ትክክል ነው፤ የቺካጎ ወንዝ ዛሬ የሚፈሰው ከሚሺጋን ሐይቅ ወደ ምዕራብ ነው። ያዩት አሮጌ ካርታም አልተሳሳተም፤ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ወንዙ ወደ ሐይቁ ይገባ ነበር።

አቅጣጫው የተቀየረው ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከዚያው ሐይቅ የሚቀዳ ሆኖ ሳለ፣ የቤቶቹና የከብት ማረጃዎቹ ፍሳሽ በወንዙ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባ ስለነበር ነው። መሐንዲሶቹ ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለውን ዝቅተኛ ጉብታ ሰንጥቀው፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ወለሉ ከሐይቁ ዝቅ ያለ ቦይ ቆፈሩ፤ ቦዩ በጥር 1900 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ውሃው በራሱ ቁልቁል ወደ ዴስ ፕሌንስ፣ ከዚያም ወደ ኢሊኖይና ወደ ሚሲሲፒ ወንዞች ዞረ። ፍሳሹ የተላከባት የሚዙሪ ግዛት ቺካጎ ያለችበትን የኢሊኖይ ግዛት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስሳ በ1906 ተረታች፤ ይህ ሙግት ከምህንድስናው ባላነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው። ዛሬም እጅግ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ከተማዋ በጎርፍ እንዳትጥለቀለቅ በወንዙ አፍ ያለው የውሃ በር ይከፈትና ወንዙ ለጊዜው ወደ ሐይቁ ይፈሳል።

ይህን በጽሑፍ የሚያቀርቡ ከሆነ፣ በ1885 ኃይለኛ ዝናብ ፍሳሹን ወደ መጠጥ ውሃው አስገብቶ በተነሣ ወረርሽኝ 90,000 ሰው አለቀ የሚለውን አይቀበሉ። ስለ ከተማዋ ሳነብ ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ በዚያ ዓመት ኃይለኛ ዝናብ መጣሉ እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። የታይፎይድ ሞት በከተማዋ እጅግ የከፋው በ1891 ነበር።