ርዕሰ መምህር በወላጅነት ለወላጅ መምህር ኅብረት መወዳደር ይችላል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባቲ አካባቢ ርዕሰ መምህር ነህ፤ ልጅህም እዚያው ሦስተኛ ክፍል ትማራለች። በወላጅነቴ ለወላጅ መምህር ኅብረት ተወዳድሬ፣ ኅብረቱን ወክዬ የቀበሌውን ትምህርት ቤቶች የሚከታተለው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ልግባ ወይ ነው ያልከው። እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ደቡብ ወሎ ውስጥ በሦስት ትምህርት ቤቶች 16 ዓመት ርዕሰ መምህር ነበርኩ፤ ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

ሲጀመር ከቦርዱ አልተገለልክም። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ርዕሰ መምህሩን በኃላፊነቱ የቦርዱ ጸሐፊ ያደርገዋል። አጀንዳ ታቀርባለህ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለህ። የወላጆቹ ወንበር ግን አንተን ለመጠየቅ የተቀመጠ ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የትምህርት ቤት ድጎማ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ መምጣት ሲጀምር ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። በአንዱ ዓመት የመማሪያ ክፍሎችን ጣሪያ በዚያ ገንዘብ አደስን። የወላጆች ስብሰባ በዱዓ ተከፍቶ ምርጫው ሲደርስ እጄን አውጥቼ «እኔም ወላጅ ነኝ» አልኩ። አንዲት እናት ከዋርካው ሥር ተነሱና «ጋሼ፣ ገንዘቡን የሚያወጡት እርስዎ፣ አወጣጡን የሚጠይቁትም እርስዎ ከሆኑ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» አሉኝ። የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ ያለበት ካኪ ፖስታ እጄ ላይ ነበር። ተቀመጥኩ።

በእኔ ፋንታ አንድ እህል ነጋዴ ተመረጡ። በሳምንቱ መሰላል አስመጥተው ጣሪያውን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ቆጠሩት። በደረሰኙ 60፣ ጣሪያው ላይ 57። ፊቴ ጋለ። ሦስቱ በዘበኛው መጋዘን ውስጥ ተገኙ፤ ሠራተኞቹ ተርፏቸው ያስቀመጡት ነበር፣ እኔ ግን አልመዘገብኩትም። እኔው ተጠያቂ፣ እኔው ተቆጣጣሪ ብሆን ኖሮ ማን ይቆጥረው ነበር? ስሜን ያዳነልኝ የእኚያ ሰው መሰላል ነው።

በመምህራን ተወካይነት መግባትም ያው ነው። ምክትሌ አንድ ጊዜ ተመርጦ ነበር፤ መምህራኑ ቅሬታቸውን ለተወካያቸው ሳይሆን ቡና ላይ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። ልጅህ በሌላ ትምህርት ቤት ብትማር ኖሮ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ እንደማንኛውም አባት ነህ፣ ተወዳደር። ባለቤትህስ ካልክ፣ እኔ ብሆን በራሴ ትምህርት ቤት እሷንም አላስወዳድራትም። ማታ እቤት የሚወራው ጠዋት ስብሰባ ላይ ይታያል።

በተለይ እኛ ጋር ይህ ነገር ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ሲያልፍ ስንት ትምህርት ቤት ተዘርፎ፣ ወላጁ ከጎተራው ቀንሶ ዴስክ አሠርቷል። እንዲህ ያዋጣ ሰው ገንዘቡን የሚቆጣጠርለትን ራሱ ይምረጥ።

የክልሉን ወቅታዊ መመሪያ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘርህ በጽሑፍ ውሰድና ምርጫው ሳይጀመር ለወላጆች አንብብላቸው። ሰኞ ግን እንዳትጠራቸው። የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ እናቶቹ አይመጡም፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ደግሞ እነሱ ናቸው።