በበዓል ቀን በነጻ ማከምና አሥራት

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሐዋሳ መነኻሪያ ክፍለ ከተማ አነስተኛ ክሊኒክ ያለኝ የጤና መኮንን ነኝ። በስለቴ መሠረት በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በቅዱስ ገብርኤል በዓል፣ መክፈል የማይችሉ ሰዎችን በነጻ አክማለሁ። ያልተቀበልሁትን የካርድና የምርመራ ዋጋ አስልቼ ከአሥራቴ ብቀንሰው ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሒሳቡ ነገር አጭር ነው፤ አይፈቀድም። አሥራት የሚወጣው እጅዎ ከገባው ገንዘብ ነው። ከድኻው ያልተቀበሉት ገቢዎ አልሆነምና አሥራት አይጠየቁበትም፤ የአሥራት ምትክም አያደርጉትም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ምሕረቱ በአንድ ቀን መወሰኑ ነው። ሐኪሙም ነጋዴውም ለድኻ የሚያደርገውን ሁሉ የክብረ በዓል ሥራ አድርጎ ሲቆጥረው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዳንዱማ ባነር ሰቅሎ፣ የተሰለፉትን አረጋውያን ፎቶ ሲያነሣ ይውላል። በሽታ ግን በዓል ጠብቆ አይመጣም። በዚያ ቀን ግፊታቸውን የለኩላቸው እናት «ከፍ ብሏል» ተብለው፣ ቁጥሩ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ። የግፊት መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ መግዣ ከሌላቸው ይዘው የሄዱት ጭንቀት ብቻ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ለተራበው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚያሰናብተውን ሰው «ምን ይጠቅማቸዋል?» ሲል የገሠጸው (ያዕ. 2፥16) እንዲህ ያለውን ስንብት ነው።

ደጉ ሳምራዊን ይመልከቱ። ቁስሉን አስሮ፣ የቆሰለውን ወደ ማረፊያ ቤት አድርሶ፣ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከሰጠ በኋላ እንኳ «ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» አለ (ሉቃ. 10፥35)። መንገደኛ ሆኖ ሳለ ገና ያልመጣውን ወጪ ሳይቀር በራሱ ላይ አስመዘገበ። ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ሐኪሞቹ ሰማዕታት ቆዝሞስና ድምያኖስም ድኻውን ያለ ዋጋ ማከምን የዘወትር ሥራቸው አድርገውት ነበር።

ክሊኒክዎን ባዶ ያስቀሩ ማለቴ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ እንዳለብዎ አውቃለሁ። በአንድ ቀን መቶ ሰው ለክቶ ከማሰናበት፣ የሚችሉትን ያህል ጥቂት የግፊትና የስኳር ሕሙማን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ከነመድኃኒታቸው መከታተል ይበልጣል። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ፤ የእጅግ ድኾችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፣ ነገር ግን ከድኾች መዝገብ የማይገባ፣ የዓመቱንም መዋጮ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚከብደው የቀን ሠራተኛ መሐል ላይ ይቀራል። የዚያን ቤተሰብ መዋጮ መክፈል ለማኅበራችሁም የሚከብድ አይመስለኝም። ሳል የበዛበት ሰው ሲመጣም፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ እንደሚሰጥ ነግረው፣ ማመላከቻ ጽፈው ይላኩት፤ ይህ እርስዎን ምንም አያስወጣዎትም፣ እርሱን ግን ላም ከመሸጥ ያድነዋል።

ስለቱ ስለት ነውና ታኅሣሥ 19ን አይተዉት። በዕለቱ ያገኟቸውን ሕሙማን ለጥር መቅጠር ግን ስለቱን ማፍረስ አይሆንም፤ ጥርጣሬ ካደረብዎ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።